ቀንዳሙ ጊታርና የሙሽሪት ፖስተር

«እኔ ሬሳ ያለበት ቤት ስገባ ገዳዩን ላብ ያጠምቀዋል» ትላለች ኢንስፔክተር አትጠገብ። ለሁሉም ትላለች፤ ለባጃጅ ሹፌር ሳይቀር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ደሴን ጉም ውጧታል። የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴው ኪዳኑ ሱቁ ውስጥ ባለክንድ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ጭኑ ላይ ባለሁለት ቀንድ፣ የራስ ቅል የተሣለበት ጥቁር የኤሌክትሪክ ጊታር አለ። ሬሳው ዝም ቢልም ጊታሩ ዝም አላለም፤ የድምፅ ማጉያ ሳጥኑ፣ አምፕሊፋየሩ፣ እንደበራ ነውና ማንም ሳይነካው ያቃስታል።

«ሌሊቱን ሲያለቅስ ነው ያደረው። ጂን አለበት!» አሉ ጎረቤቶች፣ በሩን ሳይጠጉ።

አትጠገብ ዞር ዞር አለችና ፈረደች። «ኮረንቲ ነው። ሽቦውን የነካካው ማነው?»

«እኔ ነኝ የጠገንኩት» አለች የሱቁ ጊታር አስተማሪ ሥርጉት። «ግን ደህና ነበር እትዬ!»

«ጣቢያ ትነግሪናለሽ።»

የሟቹ እህት ሸዋረጋ አንገቷን ነቀነቀች። «ይሄን ቀንዳም ተው ብዬው ነበር። ከተማው እንደሆነ በፖስተሩ እየሳቀ ነው!»

ፖስተሩ ግድግዳው ላይ ነው። ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ያንኑ የራስ ቅል ያለበትን ጊታር ጭኗ ላይ አቅፋለች። ከሥሩ «ለሠርግዎ፣ ለስላሳ የፍቅር ድምፅ» ይላል። የሠራው የኮምቦልቻው ማስታወቂያ ሠሪ ሙንዚር ነው፤ እሱም መርዶውን ሰምቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ኪዳኑ ፖስተሩን አይቶ ምን አለህ?» አለችው አትጠገብ።

«ወደደው፣ ወላሂ!»

ጊታሩም ሥርጉትም ጣቢያ ሄዱ። ጎረቤቶች ግን ያ ማቃሰት ከባዶው ሱቅ ይሰማል ማለታቸውን አልተዉም።

በማግስቱ አትጠገብ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበች። ጊታሩ ተመልሶ ተሰክቷል። እሷ አንድ እግሯን ታነክሳለች፤ ለምን ብሎ የጠየቃት የለም።

«ሥርጉት፣ ያዢው እስቲ።»

ሥርጉት ማሰሪያውን ትከሻዋ ላይ አጥልቃ ቆመች።

«ለምን አልተቀመጥሽም?»

«ከተቀመጡማ ቀንዱ ጭን ላይ አይረጋም፤ ይንሸራተታል። ኪዳኑም ቆሞ ነበር የሚጫወተው።»

«ሬሳው ግን ተቀምጦ ነበር፤ ማሰሪያው አንገቱ ላይ አልነበረም፤ ጊታሩን የደገፈው የወንበሩ ክንድ ነበር። ስለዚህ ሲጫወት አልሞተም፤ ከሞተ በኋላ ነው ያሳቀፉት። ማጅራቱ ላይ ያለው ቁስልም የአምፕሊፋየሩን የብረት ጥግ ይመስላል። ማነው ያሳቀፈው? ሥርጉት አታደርገውም፤ ታውቃለች። እህቱም ቆሞ ሲጫወት ስታየው ኖራለች። ይሄ እንደ ክራር ጭን ላይ ይቀመጣል ብሎ የሚያምን ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ሁሉም ፖስተሩን አዩ። ጊታሩ አቃሰተ።

ሙንዚር ጆሮውን በሁለት እጁ ያዘ። «አጥፉልኝ! ኮምቦልቻ ድረስ ተከትሎኛል!... ፖስተሩን ሁሉ አስነቅላለሁ ብሎ ሳቀብኝ። ከተማው ስቆብኝ አልበቃ ብሎ፣ እሱም! ገፋሁት፤ ብረቱ ላይ ወደቀ። ኮረንቲ እንዲመስል ብዬ ነው...»

ሸዋረጋ የአምፕሊፋየሩን ገመድ ከግድግዳው ነቀለችው። የመጀመሪያው ጸጥታ ነበር።

አትጠገብ ቀበቶዋን ከፍ አደረገች። «አላልኳችሁም? እኔ እንደሁ ገና ከበሩ ስገባ ነው ያወቅኩት።»

«ኧረ በማርያም!» አለች ሥርጉት። «ከበሩ ሲገቡማ ‹ኮረንቲ ነው› ብለው ያሰሩኝ እኔን ነው። ማታ ወንበርዎ ላይ ሆነው ጊታሩን ልሞክረው ሲሉ እግርዎ ላይ ሲወድቅ፣ ጩኸትዎን ከእስር ክፍሉ ሰምቻለሁ። እሱ ባይወድቅ ዛሬም እዚያው ነበርኩ።»