ሳይታይ የተፈረመ

«አሥራ ሰባት!» አለ የስፖርት መምህሩ ደብተሩን ከፍ አድርጎ። «ከሃያ ምት አሥራ ሰባቱ ገብቷል። ሰማችሁ? በሦስት የጀመረች ልጅ ናት። እስቲ ሞቅ አድርጋችሁ አጨብጭቡላት!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ከኋላ አንዱ «ጭጭ፣ ለካ አደገኛ ነሽ!» ብሎ ጮኸ። ወሬ ስለማታበዛ ያወጡላት ስም ነው። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ያ ሁሉ ሰው በአንዴ ሲያያት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ፊት ለፊት የተቀመጠችው የድሮ የወንበር ጓደኛዋ እንኳ ዞር ብላ ሳቀችላት። ደስ አላት። ቁጥሩ ግን ውሸት ነበር።

«እንግዲህ አርብ ዱላሽንና ኳሶችሽን ይዘሽ ትመጫለሽ» አለ መምህሩ። «እዚሁ ታሳዪናለሽ። እኛም ጎልፍ በዓይናችን እንይ!»



ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። መምህሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ባለ ሠላሳ ገጽ ደብተር አደለ። ፑሽአፕ ይሁን ገመድ ዝላይ፣ ጊታር ይሁን ሥዕል፣ ሁሉም አንድ ነገር መርጦ በየቀኑ ይለማመዳል፤ ውጤቱን ይጽፋል። ሰኞ ሰኞ የተሻሻለ ሁሉ ይጨበጨብለታል፤ ከአንድ ፑሽአፕ ወደ ሁለት ያደገም ቢሆን። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ልምምዱን በዓይኑ ያየ ሰው ከገጹ ግርጌ ይፈርማል።

ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ተፈራረሙ። እሷ ማንን ትበል? የወንበር ጓደኛዋ ትምህርት ሲከፈት ከሌላ ልጅ ጋር ገጠመች። ጥል የለም፣ ኩርፊያ የለም፤ ዝም ብሎ ቀረ። እናቷም ሌላ ከተማ ሥራ ካገኘች ወዲህ ቤት ውስጥ ያሉት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። አባቷ የጎልፍ ሜዳ ሳር አጫጅ ነው። ተጫዋቾች ከመምጣታቸው በፊት ሜዳው ታጭዶ ማለቅ ስላለበት ሳይነጋ ይወጣል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል። ጎልፍን የመረጠችው በእሱ ምክንያት ነው። አንድ ተጫዋች ተናዶ አጉብጦ የጣለውን ዱላ አቃንቶ፣ ሳር ውስጥ ካገኛቸው አራት ኳሶች ጋር አምጥቶላት ነበር። አብሯት ይጫወት ይሆናል ብላ ነበር።

ደብተሩን ያሳየችው ዕለት እስክሪብቶ አነሳና የመጀመሪያውን ገጽ ፈረመ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውንም።

«አባዬ፣ ገና አልሠራሁም እኮ!»

«በየቀኑ ከምትቀሰቅሺኝ ብዬ ነው። አንቺን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?» ብሎ ሠላሳውንም ጨረሰው። መጨረሻው ላይ እያንጎላጀ ስለነበር ፊርማው ትል መስሎ ወርዷል።

ስለዚህ ብቻዋን ተለማመደች። ከመኝታ ቤቱ በር እስከ ኩሽናው ሰባት እርምጃ የሚሆን ኮሪደር አለ፤ ጫፉ ላይ የብረት ኩባያ በጎኑ ታጋድማለች። አራቱን ኳሶች አምስት አምስት ጊዜ ትመታለች። ሦስት። አራት። አራት። ሦስት። ኳስ ሲገባ ኩባያው ቃ! ይላል፤ ቀና ስትል ኮሪደሩ ባዶ ነው። ይሄ ነው የሚከፋት። አምስት የገባላት ቀን መጮህ አማራት፤ ማን ይሰማኛል ብላ ተወችው። ክፍል ውስጥም ጎልፍ የሚያውቅ ስላልነበረ ጭብጨባው ለወጉ ያህል ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ዓይኗን በጨው አጥባ አሥር ብላ ጻፈች። ፊርማው እንደሆነ ቀድሞ ተቀምጧል። ቀጥሎ አሥራ ሦስት። ቀጥሎ አሥራ ሰባት።

እውነተኛው ቁጥር ስምንት ነው። እሱም በደህና ቀን።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሦስት ዙር ሞከረች። ሰባት፣ ስድስት፣ ሰባት። ለነገ አሥራ ሰባት እንደማይደርስላት ገባት። ወረቀት ቀደደችና የትልቅ ሰው ጽሑፍ ለማስመሰል እየተጠነቀቀች «ልጄን ስላመማት ነገ አርብ እንድትቀር ይፈቀድልኝ» ብላ ጻፈች።

አባቷ ገብቶ ወንበሩ ላይ ዘፍ ከማለቱ ወረቀቱን ዘረጋችለት። «ለትምህርት ቤት ነው። ፈርምልኝ።»

እጁ እስክሪብቶውን በዳበሳ አገኘ። ዓይኑ ጽሑፉ ላይ አላረፈም። ፈረመና መለሰላት።

በቃ፣ ተገላገለች ማለት ነው። ግን ፊርማውን ደግማ አየችው። የፈለገችውን ብትጽፍ፣ ‹ከነገ ጀምሮ ይህችን ልጅ አላውቃትም› ብላ ብትጽፍ እንኳ ይፈርም ነበር።

«አባዬ፣ አንብበው።»

«አምንሻለሁ አልኩሽ እኮ፣ የኔ እናት።»

«አትመነኝ!» ድምጿ ራሷን አስደነገጣት። «አትመነኝ፤ እየኝ።»

አባቷ ነቃ። ወረቀቱን አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። «አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም።» ደብተሩን ፊቱ ከፈተችና ሁሉንም ነገረችው፤ አሥሩንም፣ አሥራ ሦስቱንም፣ አሥራ ሰባቱንም፣ የነገውንም። መሃል ላይ እንባ ቀደማት።

ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። እያንዳንዱ ውሸት ሥር የእሱ ፊርማ አለ። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች።

«እኔም ዋሽቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያላየሁትን አየሁ ብዬ።»

ተነሳ። ጫማውን አወለቀ። ከኩሽና በርጩማ አምጥቶ ኩባያው አጠገብ ተቀመጠ። አንዱ እግር ስለሚያጥር በርጩማው ተንገዳገደበት፤ የሕመም ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ከሥሩ ወተፈው።

«በይ ምቺ።»

«እዚያ ጋ አትቀመጥ፣ ኳስ ይመታሃል።»

«ይምታኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሜዳው ላይ ኳስ የሚገባበትን ጉድጓድ የምቆፍረው እኔ ነኝ። ኳስ ሲገባ ቆሜ አይቼ ግን አላውቅም፤ ተጫዋች ሲመጣ እኛ ዞር እንላለን። ምቺ በይ።»

የመጀመሪያዋ ኳስ ግድግዳውን ታክካ አለፈች። ሁለተኛዋም ሳተች። ሦስተኛዋ ቃ! ስትል አባቷ «ገባች!» ብሎ ከበርጩማው ብድግ አለ።

«ቀስ፣ ጎረቤት አለ!» አለችው። ሳቋ ግን አመለጣት።

ኳሶቹን እያንከባለለ ይመልስላታል፤ የገቡትን በጣቱ ይቆጥራል። አሥራ አምስተኛው ላይ ሽፋሽፍቱ ወረደ። ዱላዋን እንደያዘች ጠበቀችው። ድንገት ብንን አለና «አይቻለሁ፣ አይቻለሁ» አለ።

«ገና አልመታሁም እኮ።»

ሃያው ሲያልቅ ስድስት ሆነ።

«ትናንት ስምንት ነበር» አለች ቶሎ ብላ። «እውነቴን ነው።»

«ይሆናል። እኔ ያየሁት ስድስት ነው።»

አሥራ ሰባትን ሰረዘችው። አሥራ ሦስትንም፣ አሥርንም። በአዲሱ ገጽ ስድስት ብላ ጻፈች። አባቷ እዚያ የነበረውን የቀድሞ ፊርማውን ሰርዞ አጠገቡ ሙሉ ስሙን ፊደል በፊደል አሰፈረ።

«ነገ ይስቁብሽ ይሆናል።»

«አውቃለሁ።» ደብተሩን ዘጋችና «አንተ ሥራ ነህ፣ አይደል?» አለችው።

«ሥራ ነኝ» አለ። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግን እዚህች በርጩማ ላይ ነኝ።»

ነገ ክፍሉ ፊት የምትቆመው ብቻዋን ነው። ኳሶቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ዱላውንም ጠዋት እንዳትረሳው በሩን አስደግፋ አቆመችው።