ውሸት የማታውቀዋ መስካሪ

ጠዋት ሐይቁ ሞልቶ ስለነበር ቤቱ በአራት እግሩ ተነሥቶ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። አብነት ሻዩ እንዳይደፋ ብርጭቆውን በእጁ ይዞ ጠበቀ። በሐዋሳ ዳርቻ ይህ ማንንም አያስደንቅም። እሱን ያሳሰበው የቤቱ የኋላ ቀኝ እግር ሲጥ ሲጥ ማለቱ ነበር። ክረምት ሳይገባ ካልተቀየረ ሐይቁ ቤቱን ይወስደዋል። እግሩን ለማስቀየር ደግሞ ቤቱን ለእረፍት ለሚመጡ እንግዶች ማከራየት ግድ ነው።

የማከራያ መድረኮቹን አየ። «ዳርቻ» ማንኛውንም ቤት ወዲያው ይለጥፋል፤ ግን ያው በሺህ ቤት መሃል ጠፍቶ መቅረት ነው። «እንግዳዬ» ፎቶ እያሳመረ ስለሚያወጣ የሚያምነው የለም። የቀረው «ልባም» ነው። ልባም የባለቤቱን ወሬ አይሰማም፤ መስካሪ ይልካል። መስካሪ ማለት ጥንዚዛ የምታክል፣ ቤቱን እየዞረች ትንፋሽና ድምፅ ለክታ ማስታወቂያውን ራሷ የምትጽፍ ማሽን ናት። እሷ የጻፈችውን ሰው ሁሉ ያምናል። ችግሩ፣ ልባም ቤተሰብ ያለበትን ቤት አይቀበልም፤ እንግዳ ለብቻው መሆን ይፈልጋል ባይ ነው። አብነት ከተማ ጓደኛው ዘንድ ይገባል። አባቱ አቶ ዘውገ ግን ከዚህ ቤት ሌላ መሄጃ የላቸውም።

«አባባ፣» አለ ዐይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ «ሰርቪስ ቤቷ ውስጥ ሆነው... ማለቴ፣ ዘበኛ ነኝ ቢሉስ?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ካፖርት ካገኘሁማ ምን ገዶኝ! ደሞዜን ብቻ እንዳትበላ።»

መስካሪዋ መጣች። ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ዞራ የኋላ በረንዳው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እኚህ ማን ናቸው?»

«ዘበኛ ነው።» አብነት የገዛ ድምፁ ጆሮው ላይ ጮኸበት። አባቱን «ነው» ብሎ አያውቅም።

«አዎ፣ ዘበኛ ነኝ» አሉ አቶ ዘውገ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

መስካሪዋ ዘበኛውን ለብቻ ላነጋግር ብላ አብነትን ወደ ውስጥ ሰደደችው። ስትመለስ ማስታወቂያው ወጥቶ ነበር፦ «ቤተሰብ የለበትም። አንድ ዘበኛ አለ። ቤቱ ደህና ነው፤ የኋላ እግሩ ጥገና ይሻል።»

ደስ ሊለው ሲገባ ላብ አጠመቀው። «አላወቅሽም ማለት ነው?» ሲል አመለጠው።

«ትንፋሻችሁ የአባትና የልጅ መሆኑን ገና ከበሩ ነው ያወቅኩት። ልጽፈው ስል ሽማግሌው ለመኑኝ። ‹በእኔ ይሁንብሽ፣ ልጄን እንዳታሳፍሪብኝ› አሉ። ውሸት ጽፌ አላውቅም ነበር፤ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ሙቀቴ አልወርድ ብሏል። በየቤቱ ስዞር ይህንኑ በሰው ፊት ላይ ለክቼው አውቃለሁ፤ ብልሽት ይመስለኝ ነበር። ስም አለው?»

«ኀፍረት ይባላል።»

«እንዴት ነው የሚጠገነው?»

አብነት መስካሪዋ ትከሻው ላይ እንዳረፈች ወደ በረንዳው ወጣ። አቶ ዘውገ ምርመራው ማለቁን አልሰሙም፤ ያ ረጅም የዘበኛ ካፖርት ውጧቸው የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩት ጉልበታቸውን ይዘው እንደምንም ብድግ አሉ።

«ኖር፣ ጌታዬ!»

አብነት «በእግዜር» ሊል ነበር፤ ተወው። ዕድሜውን ሙሉ አባቱ ሲገቡ ብድግ የሚለው እሱ ነበር።

«ሰርዢው» አላት መስካሪዋን። ከዚያ የአባቱን ክንድ ያዘ። «አባባ፣ ይቀመጡ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። በዐይናቸው ወደ ትከሻው ጠቆሙና፣ መስካሪዋን እንዳልለመኗት ሁሉ ዝግ ባለ ድምፅ፣

«ተው እንጂ፣» አሉት፣ «ትሰማሃለች!»