የቅዳሜ ቡድን ፌዴሬሽን

የጆይስቲኩን ቁልፎች በጥጥ እየጠረገች ነበር። ጥጡን አልኮል አስነክታ በእያንዳንዱ ቁልፍ ዙሪያ ቀስ አድርጋ ታዞረዋለች፤ የስምንት ዓመት ላብና የብስኩት ፍርፋሪ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የቅዳሜ ቡድን ሰዎች ይመጣሉ።

«ከመምጣታቸው በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ» አለ አባቷ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ግራ እግሩን ትራስ ላይ ዘርግቶታል። «ከቡድኑ አውጪኝ።»

እጇ ቁልፉ ላይ ቆመ።

የቅዳሜ ቡድን የሰፈሩ አባቶች ቡድን ነው። አውቶቡስ ሾፌሩ አባቷ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ የሒሳብ መምህሩ፣ ፋርማሲስቱና ሌሎቹም ቅዳሜ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው አቧራማ ሜዳ ይጋጠማሉ። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ እዚህ ሳሎን ተሰብስበው በቴሌቪዥን የኳስ ጌም ራሳቸውን ያጫውታሉ። እያንዳንዳቸውን ከነፀጉራቸው፣ ከነቁመታቸው ጌሙ ውስጥ የፈጠረቻቸው እሷ ናት፤ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ «ፌዴሬሽን» የሚል ስም ያወጣላትም በዚህ ነው።

ፌዴሬሽኗ አንድ ትልቅ ስህተት ሠርታለች። አባቷ ሲጫወት ከጎል ጀርባ ተቀምጣ ፊት ለፊት ታየው ስለነበር፣ ቀኝ እግሩ የሚታያት በግራዋ በኩል ነው። ስለዚህ በግራ የሚመታ ብላ መዘገበችው። ነገሩ ሲታወቅ ሰዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባቷ ግን «ፌዴሬሽን ካለ አለ ነው» ብሎ እንዳታስተካክለው ከለከላት። ከሥራ ሲመለስ በግራ እግሩ ኳስ ከግድግዳ ጋር ማጋጨት ጀመረ። በዓመቱ አንድ ቅዳሜ በግራው ጎል አገባና እጆቹን ዘርግቶ ወደ ጎሉ ጀርባ፣ ወደ እሷ ሮጠ። እስከ ዛሬ ኳስ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላት ያ ሩጫ ነው።

አሁን ሐኪሙ ጉልበቱን አይቶ «በቃህ» ብሎታል። ሁለት ወር ሙሉ ለጓደኞቹ «ቅዳሜ ተረኛ ነኝ» ሲል ቆየ። ሕጉ ደግሞ ግልጽ ነው፦ ሜዳ የማይወጣ ሰው ጌም ውስጥም አይሰለፍም። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ነው።

«አይቻልም አባዬ» አለች። «ውድድሩ እስኪያልቅ ጌሙ ተጫዋች ማስወጣት አይፈቅድም።»

«አይፈቅድም?»

«እምቢ ይላል።»

አባቷ ከእግሩ ሥር ያለውን ትራስ አስተካከለ። ከዚያ ፊቱ ፈታ አለ። «እንግዲህ እምቢ ካለ ምን ይደረጋል።»

በሩ ተንኳኳ። ፀጉር አስተካካዩ ነበር፤ አባቷ ደረጃ መውረድ ስላስቸገረው ቤት ድረስ መጥቶ ሊቆርጠው ተቀጣጥረዋል። ባለፈው ዓመት ወገቡን አሞት ኳስ ያቆመው እሱ ነው። በሕጉ መሠረት ከጌሙም ወጥቷል። የተሰረዘ ቀን ከሁሉም አብልጦ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቡድኑ እዚህ ሲሰበሰብ መጥቶ አያውቅም።

አባቷን ወንበር ላይ አስቀምጦ ነጭ ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረለት። «ቶሎ ቶሎ ልበል፤ ሰዎቹ ሳይመጡ ልሂድ» አለ። መቀሱ ሥራ ጀመረ። «አንተስ፣ ሾፌሩ፣ ዛሬ ትሰለፋለህ?»

«ጉልበቴ አልቆለታል። ውጣ ተብያለሁ። ልወጣም ነበር፣ ጌሙ እምቢ አለ።»

መቀሱ ቆመ።

«ለእኔ እምቢ አላለም» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ማበጠሪያ የሚጠይቅ በሚመስል ድምፅ። «ሁለት ደቂቃም አልፈጀ።»

አባቷ ዞር ብሎ አያት። ጌሙ ታድሷል፣ አሠራሩ ተቀይሯል ማለት ትችላለች። ሁለቱም ከማብራትና ከማጥፋት በቀር የሚያውቁት የለም፤ ያምኗታል። ፀጉር አስተካካዩ ግን እሷን አላየም። ከአባቷ ትከሻ ላይ ፀጉር እያራገፈ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ አራገፈ።

«ዋሽቼ ነው» አለች። «ይቻላል፣ አባዬ።»

አባቷ ከጨርቁ ሥር ጉልበቱን ዳሰሰ።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ። «ደስ ስላለኝ ነው ያልጠየቅሁሽ።» ከጨርቁ ሥር እጁን አወጣ። «በይ አምጪው። እኔው ልጫነው።»

ጌሙን ከፈተችለት። ስክሪኑ ላይ አባቷ ብቅ አለ፤ ሽበት የለውም፣ ሰባት ቁጥር ለብሷል፣ ባለበት እየዘለለ ሰውነቱን ያሟሙቃል። ከሥሩ «ተጫዋቹ ይሰረዝ?» የሚል ጥያቄ ወጣ።

«ቆይ» አለች።

የሒሳብ ደብተሯን አመጣችና ከኋላው ገጽ ላይ መገልበጥ ጀመረች። ቁመት። ክብደት። ፍጥነት፣ 78። የሚመታበት እግር፣ ግራ። አንዱንም ሳታስቀር ጻፈች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፣ አባቷም ተጫነው። ሰባት ቁጥር ባዶ ሆነ።

ፀጉር አስተካካዩ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ ደብተሩን ሲያነብ ቆይቷል። «የእኔስ?» አለ።

«አልጻፍኩትም፣ ጋሼ። ያኔ አላሰብኩበትም።»

«አይ፣ ግድ የለም።»

አዲስ ገጽ ገለጠች። «ይንገሩኝ። ቁመት?»

«አንድ ሜትር ከሰማንያ።»

«ወንበር ላይ ቆመህ?» አለ አባቷ።

«አንድ ከሰባ ሁለት» ስትል ጻፈች። «ፍጥነት?»

«ዘጠና ሁለት።»

«ዘጠና ሁለት? አውቶቡሴ እንኳ ዘጠና ሁለት ሄዳ አታውቅም።»

«አንተ ስለምትነዳት ነው።»

ሰባ ላይ ተስማሙ። ለቴስታ ተከራከሩ፤ ፀጉር አስተካካዩ አንድ ጊዜ በግንባሩ ያገባውን አነሳ፣ አባቷ ኳሷ ናት አንተን ያገኘችህ አለው። ጨርቁ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ሲስቅ ጉልበቱን ረስቶ እግሩን አንቀሳቀሰና ፊቱን ቋጠረ፤ ቢሆንም መሳቁን አላቆመም።

«የምት ኃይል?» አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ማጋነኑን ተወ። «እኔ እንጃ። ስልሳ፣ ስልሳ አምስት።»

«ዘጠና አምስት በይ» አለ አባቷ። «በረኛው ጓንቱን አውልቆ መዳፉን ያየ ጊዜ ትዝ ይልሃል?»

«ዝናብ የነበረ ቀን።»

«ኳሷ ውኃ ጠጥታ ድንጋይ አክላ ነበር።»

«መምህሩ ጫማው ከእግሩ ወልቆ ጭቃው ውስጥ ቀርቶበት።»

ሁለቱም እሷን ረስተው ግድግዳውን እያዩ ነበር።

ከደረጃው የሰዎቹ ድምፅ ተሰማ። ፀጉር አስተካካዩ ቦርሳውን አየ፤ ከዚያ ግማሹ ብቻ የተቆረጠውን የአባቷን ፀጉር አየና መቀሱን አነሳ። እሷም «95» ብላ ጻፈች፣ ከሥሩ አሰመረች፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቃ ደብተሩን ዘጋችና ከጌሙ አጠገብ አስቀመጠችው።