ውሃ ጠጥቶ የማያውቅ ማሽን

ሽማግሌው ጋዜጣውን ካጠፉት ጠጋ በይ ማለት ነው። ከዘረጉት ደግሞ እንዳላየሽ ሆነሽ እለፊ።

አጠፉት።

መርፌ አግዳሚው ወንበር ላይ ከጎናቸው ተቀመጠች። አውቶቡስ ጣቢያው ግርግር ነው፤ ረዳት ይጮኻል፣ ሻንጣ ይወረወራል፣ ሰው ከሰው ይጋፋል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከቦርሳዋ የጥፍር ቀለም አወጣች። ሐምራዊ ነው፤ ለዓይን የሚከብድ፣ ጤነኛ ሰው ገዝቶት የማያውቅ ዓይነት። አንድ ጥፍሯን ቀባች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ጠርሙሱን በሁለታቸው መሃል አስቀመጠችው።

«ደህና አደሩ አባባ?»

«ደህና ልጄ። የት አደረግሽው?»

«የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ክዳን ስር፣ በስተግራ። ትንሽ ነጥብ ናት። ካልነገሩት ማንም አያያትም።»

«ከአንቺና ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም።»

«ጎሽ።»

ጠርሙሱ ወንበሩ ላይ የለም። እጃቸው ሲንቀሳቀስ እንኳ አላየችም። ሽማግሌው የድብቅ ምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ሥራውን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ያስተማሯት እሳቸው፣ «መርፌ» የሚለውን የምስጢር ስም ያወጡላትም እሳቸው። «አባባ» የእሳቸው የምስጢር ስም ነው። ግን ስትጠራቸው ሁሌም ከልቧ ነው፤ ሌላ አባባ የላትም።

«ልጆቹስ?» አለች ሳታያቸው።

«ነገ ማሽኑን ሁለተኛው ቢሮ ላይ በነጥቧ ለይተን እንይዘዋለን። ልጆቹን ደግሞ ከነበሩበት እናወጣለን። ቃሌ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ ኤጀንሲ ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ የሚጠየቀው ደግሞ መዓት ነው። የእንግዳ መቀበያ ከነወንበሩ። ማሰልጠኛ ክፍል ከነምድጃው፣ ከነካውያው፣ ከነልብስ ማጠቢያ ማሽኑ። የተማረና ወንጀል የሌለበት ሥራ አስኪያጅ፣ ፎቶው ፈቃዱ ላይ የሚለጠፍ። ይህን አሟልቶ የሚሠራ ሰው ሌላ ቦታ ይኖር ይሆናል። በዚህ ጎዳና ግን ኤጀንሲዎቹ ተማክረው አንድ ማሽን፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ክፍል የሚሞላ ወንበር ገዙ። ገምጋሚ ኮሚቴ ሲመጣ ዕቃው በጭነት መኪና ቀድሞ ይደርሳል። ኮሚቴው ሲወጣ ወደ ቀጣዩ ኤጀንሲ ይጫናል። ኮሚቴውም ያንኑ ማሽን በየቢሮው እያየ «ተሟልቷል» ብሎ ይወጣል። ጉድ እኮ ነው!

ያ «ወንጀል የሌለበት ሥራ አስኪያጅ» መርፌ ናት። በሐሰት ስም፣ በእውነተኛ ፊቷ፣ ፈቃዱ ላይ ተለጥፋ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ፈቃዱ ከፊት ለፊት እያጌጠ ልጆቹ በጓሮ ይወጣሉ። ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ናቸው፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ ነገ በስድስት ሰዓት በዚያው ዕቃ በሚጭነው መኪና ወደ ድንበር ሊሄዱ። ከድንበሩ ማዶ የሄደ ደብዳቤም ልኮ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ለልምምድ ወደ ቢሮው አመጧቸው። ትንሿ ሚጡ ናት፤ ስሟ ሌላ ነው፣ ግን ሁሉም በቁመቷ ሚጡ ይሏታል። በተውሶ ባለተረከዝ ጫማ እየተንገዳገደች ማሽኑን ዞረችው። የቀኝ ጎኑ ተጨርምቷል፤ ከመኪና ሲወርድ ስንቴ እንደወደቀ እሱ ይንገራችሁ።

«እታለም» አለች ሚጡ፣ ለመርፌ ባወጣችላት ስም። «ይሄ ማሽን ውሃ ጠጥቶ ያውቃል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቧንቧ የለውማ! ይኸው ከኋላ። ምስኪን፣ በጥም ሊሞት ነው።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። መርፌም ሳቀች።

«ሚጡ፣ አንቺ ለምንድን ነው የምትሄጂው?»

«እናቴን ማን ያሳክምልኛል ታዲያ?» አለች ልጅቷ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት። ካውያውን አነሳች። «አየሽ፣ ኮሌታ ላይ ጎበዝ ሆኛለሁ።»

በነጋታው ጠዋት የኤጀንሲው ባለቤት ቀድማ ገብታለች። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «እሜቴ» ይሏታል፤ ከኋላ የሚሏት አይጻፍም።

«ነይ የኔ ቆንጆ። እስኪ እዪኝ፣ አማረብኝ?»

እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

አሥሩም ጥፍሮቿ ሐምራዊ ናቸው።

ሌላ ጠርሙስ ይሆናል፣ አለች መርፌ ለራሷ። አምሮብዎታል ብላ ወደ ማሰልጠኛው ክፍል ገባች። ማሽኑ ጋ ደረሰች። ክዳኑን አነሳች። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሽታ አፍንጫዋን ሰነፈጣት።

ነጥቧ የለችም።

ስለ ነጥቧ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጠርሙሱን የወሰደው አንድ።

አባባ።

ማሽኑን ተደገፈች። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ያበላት፣ የመከራት፣ ስትታመም ሌሊቱን ሙሉ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው! ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በልቧ ውስጥ አንቱታው ቀረ።

«ሽማግሌሽ ሲበዛ ጨዋ ናቸው» አለች እሜቴ ከበሩ ላይ። «ቀለሙን ራሳቸው ይዘውልኝ መጡ።»

«ታዲያ ለምን እስካሁን አላባረርሽኝም?»

«ፎቶሽ ፈቃዱ ላይ ነዋ! ሥራ አስኪያጅ የሌለው ኤጀንሲ ፈቃዱ በዚያው ቀን ይታገዳል። እስከ ምሳ ታስፈልጊኛለሽ። ፈገግ በይ፣ አሻራሽን ስጪ፣ ከዚያ መንገድሽን ያዢ። ሚጡን እተውልሻለሁ። እንደምትወጃት አይቻለሁ፤ እኔም ሰው ነኝ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹማ ይሄዳሉ።»

«ለኮሚቴው ብናገርስ?»

«ተናገሪ። ሰብሳቢው ጥቆማሽን ተቀብሎ ‹እናጣራለን› ይላል። ማጣራት ስንት ወር እንደሚፈጅ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሽማግሌሽ ደግሞ አላውቃትም ይላሉ። አልቆልሻል፣ እህቴ።»

እውነቷን ነበር። ከሁሉ የከፋው እውነት መሆኑ ነው።

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ኮሚቴው ደርሷል።

አንዷን ይዞ መውጣት ይቻላል። አንዷም እኮ ነፍስ ናት። መርፌ ይህን እያሰበች የመቀበያውን በር ከፈተች፤ ሚጡ ትልቅ ሠልጣኝ እንድትመስል ከንፈሯ ተቀብቶ፣ በዚያ ጫማ ላይ ተሰቅላ፣ ካውያውን ይዛ ቆማለች። ሌሎቹ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ናቸው። የሁሉንም ሳቅ ታውቀዋለች። ባታውቀው ይሻላት ነበር።

ሰብሳቢው ከቦርጩ ኋላ ገባ። ሁለቱ አባላት ተከተሉት፤ ወንበሮቹን እንደ ድሮ ወዳጅ አዩአቸው፣ ወዳጆቻቸውም ናቸው። መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት ፖሊስ የአሻራ መሣሪያ ይዛ ገባች። የሥራ አስኪያጁን ማንነት የምታረጋግጠው እሷ ናት። አዲስ ሳትሆን አትቀርም፤ ጫማዋ ገና ይጮኻል።

«ማሽኑ ይሠራል?» አለ ሰብሳቢው።

«እንደ ጉድ!» አለች እሜቴ።

«ተሟልቷል።»

መርፌ ፖሊሷን አየቻት። ያኔ ነው ነገሩ የበራላት። ጥቆማ የኮሚቴው ነው፤ ኮሚቴው ይውጠዋል። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ወንጀለኛ ግን የፖሊስ ነው። ፖሊስ ፊት ቆሞ «ያደረግኩት እኔ ነኝ» የሚልን ሰው ማጣራት አያስፈልግም። ማሰር ብቻ ነው።

«አውራ ጣትዎን» አለች ፖሊሷ።

መርፌ አውራ ጣቷን አልሰጠችም። ሁለት እጆቿን አጣምራ ዘረጋች።

«እሰሪኝ።»

«ምን አሉኝ?»

«ልጆች የምሸጠው እኔ ነኝ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ። በስድስት ሰዓት በጭነት መኪና ይወጣሉ። ይቺም ልጅ አልደረሰችም፤ ዕድሜዋን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ሰምተሽ ዝም ካልሽ አንቺም ትጠየቂያለሽ።»

«አሟት ነው» አለ ሰብሳቢው ላቡን እየጠረገ። «ውሃ ስጧት፣ አየር ታግኝ…»

ፖሊሷ እሱን አየች፣ መርፌን አየች፣ ከዚያ ሚጡ ፊት በርከክ አለች።

«እህቴ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?»

ሚጡ ወደ እሜቴ አየች። ወደ መርፌ አየች። የከንፈሯን ቀለም በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«አሥራ አምስት።»

ፖሊሷ ሬዲዮዋን ከወገቧ መዘዘች።

እሜቴ አንድ አፍታ ብቻ ደነገጠች። ከዚያ ዓይኗን በጨው አጥባ በሐምራዊ ጥፍሮቿ ደረቷን እየደቃች ጀመረች። «ወይኔ ጉዴ! ቤቴን አምኜ! ፈቃዱ ላይ እኮ ፎቶዋ ነው ያለው፣ እኔ ምን አውቃለሁ!»

«እታለም?» አለች ሚጡ። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

አይደለሁም ብትል ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ሬዲዮው ይጠፋል፣ መኪናው ይነሳል።

«አዎ» አለች መርፌ። «እኔ ነኝ።»

ፖሊሶቹ ጭነት መኪናውን ሞተሩ ተነስቶ፣ ልጆቹ ከሸራው ስር ተደርድረው አገኙት። ሁሉም ወረዱ። አንዲትም አልቀረች።

ሽማግሌው ወደ ፖሊስ ጣቢያው የመጣው በማግስቱ ነው። መርፌ «ያውቀኛል» ስላለች የምርመራ መኮንኑ ጠርቶት እንጂ ወዶ አይደለም። መኮንኑ ወረቀት ሊያመጣ ሲወጣ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ለምን?» አለች። «ይህን ብቻ ንገረኝ። ለምን?»

«ጡረታ ደረሰብኝ፣ ልጄ።»

«ልጄ አትበለኝ።»

ሽማግሌው መሬት መሬቱን አየ። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ እነዚያን ጠርሙስ ሲሰውሩ የማይታዩትን እጆች። መኮንኑ ሲመለስ ቀና አለ።

«በስህተት ነው የተጠራሁት» አለ፣ ድምፁን አስተካክሎ። «ይህችን ሴት አይቻት አላውቅም።»

በድብቅ ምርመራ ክፍሉ መዝገቧም የለም። መርፌ የምትባል ሠራተኛ ኖራ አታውቅም። ፍርድ ቤት የቀረበችው በዚያ በሐሰት ስሟ ነው፤ እሜቴ በምስክርነት ቀረበች፣ ሚጡም ቀረበች። ዳኛው ልትሸጥሽ የነበረችው ሴትዮ እዚህ ችሎት ውስጥ አለች ወይ ሲሏት ልጅቷ ጣቷን ቀሰረች።

«እሷ ናት። ኮሌታ መተኮስ ያስተማረችኝ።»

መርፌ አላለቀሰችም። ለቅሶው በኋላ፣ የእስር ቤቱ መኝታ ላይ ነው የመጣው፤ ከዚያ ደግሞ ለረዥም ጊዜ አልሄደም።

ስትፈታ ፀጉሯ ሸብቷል። ወንጀል ያለበት ሰው ማን ይቀጥራል? በየሰው ቤት እየዞረች በእጇ ልብስ ታጥባለች፤ ስሟን የሚጠይቃት የለም፣ «አጣቢዋ» ይሏታል፣ አቤት ትላለች። ያ የጥንት ትምህርቷ ከዚህ በላይ አልጠቀማትም፤ ማንም ሳያያት ትገባለች፣ ማንም ሳያያት ትወጣለች።

አንድ ጠዋት ያ ጎዳና ላይ እግሯ ጣላት። አዲስ ሰሌዳ፣ አዲስ ስም፣ አዲስ ቀለም። በሩ ላይ ሴቶች ተሰልፈዋል። ጭነት መኪና ቆሟል፤ አራት ሰዎች «ቀስ! ቀስ!» እየተባባሉ ማሽን ያወርዳሉ። የቀኝ ጎኑ ተጨርምቷል።

ነገ ኮሚቴ ሊመጣ ነው።

ከዚያ ሰልፉ ውስጥ አየቻት። ቁመት ጨምራለች፣ ዕድሜዋ አሁን ለጉዞው ደርሷል። ነጠላ ጫማ አድርጋለች፤ ጥቁር ልብስ ለብሳለች።

«ሚጡ!»

ልጅቷ ዞረች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ የመጣው ጥላቻ ነው። መርፌ አልሸሸችም፤ በአገጯ ብቻ ወደ ማሽኑ አመለከተች።

ሚጡ አየችው። የተጨረመተውን ጎኑን አየች፤ ከኋላው ቧንቧ ሊገባበት የነበረውን ባዶ ቀዳዳም አየች። ቀስ ብላ ወደ መርፌ ተመለከተች፤ አንድ በአንድ ሲገባት ፊቷ ላይ ይታይ ነበር። ከሰልፉ ወጥታ መጣች።

«ያንቺ አልነበረም» አለች። «ማሽኑ ያንቺ አልነበረም፤ አንቺ ታስረሽም ሲዞር ኖሯል። እኔ ግን ጣቴን ቀሰርኩብሽ።»

«እናትሽስ?»

«ቀበርኳት።»

«የኔ ልጅ… ነይ፣ እንሂድ ከዚህ።»

«ወዴት፣ እታለም?»

መርፌ ለሁሉም ነገር መውጫ የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ጓሮ፣ ጣሪያ፣ አውቶቡስ፣ ሌላ ስም። ለዚህ ግን መውጫ አልነበራትም።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሚጡ ዞር ብላ አየች፤ ቦታዋ ሊያዝ ነው። የመርፌን የተሰነጣጠቀ እጅ አንዴ ጨበጥ አድርጋ ለቀቀችውና ሮጣ ወደ ሰልፉ ገባች።

ዘበኛው ዱላውን እያወዛወዘ መጣ።

«ሴትዮ፣ ተሰላፊ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ መንገዱን ልቀቂ።»

ለቀቀች።