ክዳኑ አራት ይላል

ተመራማሪዋ ከቀንድ አውጣዎቹ ገንዳ ሥር በጀርባዋ ወድቃለች። ከጆሮዋ በላይ ያለው ቁስል ከገንዳው የብረት ጠርዝ ጋር ልክ ይገጥማል። አዳልጧት ነው እንዳይባል የነጭ ጋወኗ ቁልፎች ተበጥሰው ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ሰው ጨምድዶ ገፍትሯታል።

በሩ ላይ የገንዳ ውሃ የሚቀይረው ሽማግሌ፣ ሁሉም «ጋሽ ውሃ» የሚሉት፣ በካቴና ታስሮ ቆሟል። እጅጌው ደም በደም ነው።

«ላነሳት ብዬ ነው፣ ልጄ» አላት ኢንስፔክተሯን።

«ጠዋት ስትጨቃጨቁ ተሰምታችኋል።»

«ውሃው ቀዘቀዘ ብላ ጮኸችብኝ፣ እኔም ጮህኩ። ስንት ዘመን ስንጯጯህ ኖረናል! በዚህ ሰው ይገደላል?»

«ይገደላላ!» አለ የሟች ባል። «ሌላ ማን አለ? ውሰዱልኝ ከፊቴ!»

ሽማግሌውን እስር ቤት የምታደርሰው መኪና ሞተሯ ተነሥቷል። ኢንስፔክተሯ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«መጨረሻ ያያት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ የሟች ረዳት። ክዳኗ ላይ «አራት ሴል» የተጻፈባትን የመስታወት ሳህን አሳያት። «ይቺን አሳይታኝ፣ ደስ ብሏት አቅፋኝ ወጣሁ።»

«ምኑ ነው የሚያስደስተው? እንደ ልጅ አስረዳኝ።»

ሰውየውን ቀለል አለው። «የቀንድ አውጣ እንቁላል መከፋፈል ሲጀምር የራሱ ዘረመል ተኝቷል። የሚኖረው እናቱ በቋጠረችለት ስንቅ ነው። የራሱ የሚነቃው ብዙ ሴል ከሆነ በኋላ ነው ይባላል። እኔ ግን ገና አራት ሳለ ይነቃል አልኩ። የነቃበት ሽል ቀለም ስንጨምርበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ያልነቃበት ነጭ ይቀራል። እሷም ደግማ ሞከረችው፤ ይኸው ሰማያዊ!»

«ቀለም ከነካው በኋላ ያድጋል?»

«የለም፣ ቀለሙ ሳይጨመር በፊት እንገድለዋለን። ባለበት ይቀራል።»

ኢንስፔክተሯ ሳህኗን ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጋ አየች። ከዚያ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደችና ክዳን የሌላት ሌላ ሳህን አወጣች።

«ሁላችሁም ግቡ። ባልየው፣ እስቲ መጀመሪያ ባለ ክዳኗን ሳህን እይልኝ። ስንት ሴል ይታይሃል?»

«ኧረ ይሄ አይቆጠርም! እንደ እንጆሪ ጉብ ጉብ ብሏል።»

«ክዳኑ ግን አራት ይላል። ዕድሜዋን እዚህ የጨረሰች ሴት አራትንና አንድ መዓትን አትለይም? በኋላ አድጎ ነው እንዳንል ባለበት ይቀራል ብሎናል፣ ራሱ ነው ያለን። አሁን ከመጣያው ያወጣኋትን እይ።»

«አራት… ይሄም አራት። ሁሉም ነጭ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ረዳቱ ዞረች። «ያሳየችህ ይቺን ነው። ‹አልነቃም፣ ተሳስተሃል› አለችህ። ከሞተች በኋላ ክዳኑን ገፍፈህ ባደጉት ሽሎች ሳህን ላይ ገጠምከው። ጋሽ ውሃ አራት ሆነ አርባ ምን ቸገረው? በዚህ ክዳን የሚድን ያንተ ስም ብቻ ነው። ፖሊስ ክዳን አንብቦ ይሄዳል ብለህ ነዋ!»

ረዳቱ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ስብሰባ ላይ በሰው ፊት ልትናገር ነበር። ለመንኳት። ጥላኝ ልትወጣ ስትል ያዝኳት… ልገድላት አልነበረም።»

 ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ ወደ እሱ እጅ ዞረ። ባልየው ጋሽ ውሃ ፊት ቆመ። ይቅርታ ሊለምነው ጎንበስ አለ።

«ተወው፣ የኔ ልጅ» አለው ሽማግሌው። «መጀመሪያ እንቅበራት።»