ከሰማይ እናት ራስ በላይ

ፓሞንት ምሳውን በልቶ ጀምበር ሳትጠልቅ ሞተ። በማግስቱ፣ ሬሳው ገና ከቤት ሳይወጣ፣ ወንድሙ ፔቴሲ ወጥ ቤቷን ቴርሙትን ከምሰሶ ጋር አሰራት። ለሮም ወታደሮች ሊያስረክባት ነው፤ እነሱ ከሚወስዱበት የድንጋይ መፍለጫ ካባ ደግሞ በሕይወት የተመለሰ ሰው በቴብ ከተማ የለም። የሟች ሚስት ታኢሲ ዐይኗን ከባሏ ሳታነሳ ተቀምጣለች።

የአገሩ መርማሪ ሐርሲ፣ ሪህ የያዘውን እግሩን እየጎተተ ገባ።

«ይቺ መርዘኛ ናት!» አለ ፔቴሲ። «በለስ በማር ቀቅላ ገደለችው።»

«ከድስቱ የተረፈውን ማን በላው?» አለ ሐርሲ።

«እኔ ነኛ!» አለች ቴርሙት። «ጠርጌ ነው የበላሁት፤ ቁርጠት እንኳ አልነካኝም። ምን ያደርጋል፣ የድሃ ሆድ ምስክር አይሆን!»

«ይሆናል እንጂ። መርዙ ከድስቱ ካልነበረ ከሣህን ነው። ማን አቀረበ?»

«ጌታዬ ራሳቸው። ‹ዛሬስ ለሚስቴ እኔ ላቅርብላት› አሉኝ። እኔማ ፍቅር መስሎኝ!»

ፔቴሲ ጠዋት ከሠዓሊው ከፔቦስ ዘንድ ያመጣው የሬሳ ሣጥን ክዳን ግድግዳውን ተደግፏል።

«ወንድሜ ቀድሞ አሠርቶት ነበር» አለ። «ከዋክብቱ ሞቱን ነግረውታል።»

ሐርሲ የክዳኑን ውስጥ አየ። የሰማይ እናት ኑት እጇን ዘርግታ ቆማለች። የልደት ከዋክብቱ በየምስላቸው በግራና በቀኟ ተሰልፈዋል፤ የባለ ሣጥኑ የልደት ኮከብ ብቻ፣ እንደ ልማዱ፣ ከሰልፉ ወጥቶ ከራሷ በላይ ተሥሏል።

«ባልሽ በየትኛው ኮከብ ተወለደ፣ ልጄ?»

«በአንበሳ።»

አንበሳው ከሰልፉ አልወጣም። ከኑት ራስ በላይ ያለችው ጊንጥ ናት።

ታኢሲ ቀና ብላ አየቻት። በጊንጥ የተወለደችው እሷ ናት።

ሐርሲ ሠዓሊውን አስጠራና ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ሟቹ ክዳኑን ሲያዝህ ምን አለህ?»

«‹ለዘመድ ነው፣ ጊንጥ አድርግልኝ፤ ለማንም አታውራ› አለኝ። እኔ ምን ቸገረኝ ጋሼ፣ ሁሉም ሟች ነው።»

«እንግዲህ ስሙ» አለ ሐርሲ። «ድስቱ ንጹሕ ነው። ሣህኖቹን ያቀረበው ሟቹ ነው። ክዳኑን ያሠራው ለሚስቱ ነው፣ እሷ በደኅና ውላ እያደረች። ያለ ወግ ብትቀበር መንፈሷ እንዳያባንነው ፈርቷል። ያልገባኝ አንድ ነገር ነው፤ የሷ ሣህን እንዴት እሱ ዘንድ ደረሰ?»

«ይቺው ቀይራው ቢሆንስ!» አለ ፔቴሲ ወደ ቴርሙት እየጠቆመ።

ታኢሲ ዝም ብትል ቴርሙት ወደ ካባው ትሄዳለች። በቴርሙት እጅ ላይ ያለውን ገመድ አየችው።

«እጁን ሊታጠብ ወጣ» አለች። «በለሱ የበዛው በኔ ሣህን ነበር። እሱ ደግሞ በለስ ይወዳል። ቀያየርኳቸው።»

ፔቴሲ አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ፈታ።

«ምን አድርጌው?» አለች ታኢሲ። «ጋሼ፣ ምን አድርጌው ነው?»

«መልሱን ይዞት ሄዷል፣ ልጄ» አለ ያን ሁሉ የፈታው ሐርሲ።

በደጅ፣ እንደ ለቅሶው ወግ ፊታቸውን ጭቃ የተቀቡ የጎረቤት ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ደረሱ።

«ታኢሲ! ነይ እንጂ! ባል ሞቶ ቁጭ ይባላል?»

የዓባይ ጭቃ በገበቴ ቀረበላት። አልነካችውም። ቴርሙት ገመድ በላጠው እጇ ጭቃውን ዘገነችና ግንባሯን ቀባቻት።

«ያልቅሱ፣ እመቤቴ» አለቻት በጆሮዋ። «ሰው ያየናል።»