ኩለኒና የተራበው ግልገል

በባሌ ተራሮች ሥር ኩለኒ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ የዱር አጋዘኖች ጠባቂ ነበረች።

በዚያ ዓመት ክፉ ውርጭ ወረደ። የመስኩን ሣር ሁሉ አቃጥሎ አደረቀው።

አጋዘኖቹ የሚበሉት አጡ። የጎን አጥንታቸው እስኪቆጠር ድረስ ከሱ።

ከሁሉም የባሰበት አንድ ትንሽ ግልገል ነበር። ሲራመድ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ።

እናትና ልጅ የሣር ድርቆሽ ተሸክመው ወደ መስኩ ወጡ። ድርቆሹን በትነው ከቁጥቋጦ ጀርባ ተደበቁ።

ኩለኒ ግን መታገሥ አቃታት። አንድ እቅፍ ድርቆሽ ይዛ ወደ ግልገሉ ሮጠች።

ደብ! ደብ! ደብ! አጋዘኖቹ በርግገው ወደ ተራራው ፈረጠጡ። ግልገሉ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ደግሞ ወደቀ።

ኩለኒ አለቀሰች። እናቷም እንባዋን ጠረገችላትና «የተራበ እንስሳ በሮጠ ቁጥር ጉልበቱ ያልቃል። እነሱን የምንረዳቸው ዝም ብለን ነው» አለቻት።

በማግስቱ ድርቆሹን በተኑ። እናቷ ከወዲያ፣ ኩለኒ ከወዲህ ተደበቁ። ዝም! ጭጭ!

ጠበቁ፣ ጠበቁ። የኩለኒ ጣቶች በብርድ ደነዘዙ። እሷ ግን ዝም! ጭጭ!

ኮሽ… ኮሽ… አንዲት አጋዘን ብቅ አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ከሁሉም ኋላ ግልገሉ መጣ።

ኮሽ! አሁን ደግሞ ከኩለኒ ጀርባ ነው። ዞር ስትል የጎረቤታቸውን ትልቅ ውሻ አየች። ከቤቱ አምልጦ ነው የመጣው።

ውሻው ጆሮውን አቁሞ ግልገሉን ያያል። የኩለኒ ልብ ድው፣ ድው አለ።

ብትጮኽ አጋዘኖቹ ይሸሻሉ። ብትተወው ውሻው ያባርራቸዋል። እናቷ ደግሞ ሩቅ ናት።

ኩለኒ ቀስ ብላ ከኪሷ ቂጣዋን አወጣች። ቀስ ብላ ዘረጋችለት።

ውሻው ቂጣውን አየ። ግልገሉን አየ። ደግሞ ቂጣውን አየ።

አንድ እርምጃ ቀረበ። ሌላም እርምጃ ቀረበ። ቂጣውን ሲጎርስ ኩለኒ አንገቱን እቅፍ አደረገችው።

«ዝም፣ ጭጭ» አለችው በጆሮው።

ግልገሉ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ድርቆሹን አሸተተ።

ቀርጨም፣ ቀርጨም፣ ቀርጨም… በላ። ሆዱ እስኪሞላ በላ።

ያን ምሽት እናቷ የኩለኒን እግሮች በለብታ ውሃ አጠበችላት። ከዚያም አልጋ ላይ አብራት ጋደም አለች።

«እማ፣ ግልገሉ አሁን የት ነው የሚተኛው?» ስትል ኩለኒ ጠየቀች።

«ከእናቱ ጎን ልጥፍ ብሎ።»

ኩለኒም ጠጋ፣ ጠጋ ብላ ከእናቷ ጎን ልጥፍ አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።